አሥራ ሦስት ኪሎ

ማራኬሽ፣ ጃንዋሪ 11 ቀን 2007

ነዝሃዬ፣

ናፍቆቴን ሚዛን ላይ ቢያወጡት ኖሮ ሐኪሟ ከስብሽ በፊት እሱን ቀንሺ ትለኝ ነበር። አፊያሽ እንዴት ነው? ወንበሩስ፣ መርፌውስ? ያቺ ከአጠገብሽ ደሟን በማሽን የምትታጠበው ነገረኛዋ ፋቲሐስ? ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት አለፈው፤ ይቅር በይኝ። ረስቼሽ አይደለም። የጠየቅሽኝን በአንድ መስመር መመለስ አቅቶኝ ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ ደግሞ ስልኩ ያለው ሳሎን ነው፤ ሳሎን ውስጥ አማቴ አሉ፤ አማቴ ባሉበት ምስጢር የለም።

እሺ፣ ልንገርሽ። ለምርመራ ራባት ሄጄ ነበር። ደማችን ገጥሟል! ሁለቱም ኩላሊቶቼ ደህና ናቸው፣ ልቤም ደህና ነው። «አንዱን ለእህትሽ ብትሰጪ በቀረው ትኖሪያለሽ» አለችኝ ሐኪሟ። እኔ ደስታዬን ሳልጨርስ ሚዛን ላይ አወጣችኝና ፊቷ ጠቆረ። ዘጠና አንድ ኪሎ።

«ለላ ማህጁባ፣ በዚህ ክብደት ቢላ አላነሳብሽም። ሰባ ስምንት ገብተሽ ነይ።»

«እስከ መቼ?»

«የእህትሽ የክንድ ደም ሥሮች እየተዘጉ ነው። መርፌ የሚገባበት ቦታ እያለቀ ነው። ከበጋው አያልፍም። ጁን አራት ቀን ትመዘኛለሽ።»

አየሽ፣ አንቺ ያልነገርሽኝን እሷ ነገረችኝ። ልቆጣሽ አስቤ ነበር፤ ሌላ ቀን እቆጣሻለሁ።

አሥራ ሦስት ኪሎ! የዒዱ በግ ሥጋ ገና ማቀዝቀዣው ውስጥ ተደርድሮ ሳለ! እንዳልሮጥ ጉልበቴን ታውቂዋለሽ። ሐኪሟ «ጉልበትሽ ካልተሸከመሽ ብስክሌት ይሸከምሽ» አለችኝ። እኔም በሳቅ ሞትኩ፤ በማራኬሽ ብስክሌት የማይነዳ ማን አለ? እኔ ራሴ ጎመንና ቲማቲም ጭኜ ሠላሳ ዓመት ነድቻለሁ። ባብ ዱካላ ሰፈር ብስክሌት የሚጠግኑት ሲ ሚሉድ ግን፣ በወጣትነታቸው ተወዳዳሪ የነበሩት፣ ይህን ስነግራቸው ገላመጡኝ። «ገበያ መሄድና መጋለብ አንድ አይደለም፣ ለላ» አሉኝ። በሳምንት ሦስት ቀን ጎህ ሲቀድ ጡረተኞች ሰብስበው በታሕናውት መንገድ ይወጣሉ። ጎማው እንደ ጣት የቀጠነ ብስክሌት አዋሱኝና ተከተልኳቸው።

አራተኛው የኪሎሜትር ድንጋይ ላይ ስደርስ ወርጄ ተቀመጥኩበት። እስትንፋሴ እንደ አንጥረኛ ወናፍ። ሲ ሚሉድ ተመልሰው መጡና፣ «ድንጋዩን አትስበሪው፣ የመንግሥት ነው» አሉኝ።

አማቴ ሐጃ ታሙ ለጉልበቴ ብዬ የምነዳ ነው የሚመስላቸው። ዐላል ባሌ ብቻ ያውቃል፤ እንዳይናገር ምሏል። ሐጃ «አካል የአላህ አማና፣ አደራ ነው፣ ለሰው አይቆረስም» የሚሉ ናቸው፤ ደም ግፊትም አለባቸው። ስለዚህ ለእሳቸው ስትደውዪ ስለ አየሩ አውሪያቸው።

እህትሽ ማህጁባ


ውጅዳ፣ ጃንዋሪ 27

እትዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ዐላልስ፣ ሐጃስ? እኔ አልሐምዱሊላህ ነኝ። ወንበሩ ላይ ሆኜ ነው የምጽፍልሽ። ግራ ክንዴ ከማሽኑ ጋር ታስሮ ለአራት ሰዓት ቀኙ ሥራ ይፈታል፤ ያኔ ላንቺ እጽፋለሁ።

የክንዴን ነገር ሐኪሟ አጋንናዋለች። አትጨነቂ።

የድንጋዩን ወሬ ለእነ ፋቲሐ አነበብኩላቸው። ፋቲሐ ስትስቅ ማሽኗ ጮኸ፤ ነርሶቹ ሮጠው መጡ። አሁን ሁሉም «እህትሽ ስንተኛው ድንጋይ ደረሰች?» እያሉ ይጠይቁኛል። ስለዚህ ስትጽፊ የድንጋዩን ቁጥር አትርሺ።

አንድ ነገር ግን ሳትመልሺልኝ አለፍሽ። ባለፈው ደብዳቤዬ መጨረሻ ላይ የጻፍኩትን። አይተሽዋል፤ አውቅሻለሁ።

ነዝሃ


ማራኬሽ፣ ፌብሩዋሪ 24

ነዝሃዬ፣

ሃያ ሁለተኛው ድንጋይ! ሰላም ሳልልሽ መጀመሬ መታገሥ ስላቃተኝ ነው፤ ይቅር በይኝ። አሁን እንዴት ነሽ? ለፋቲሐም ንገሪያት፦ ሃያ ሁለተኛው፣ ሳልወርድ። ሰማንያ አምስት ኪሎ ገብቻለሁ። ስድስቱ ወርደዋል፤ የት እንደሄዱ እነሱ ያውቃሉ።

ምን ለብሰሽ ነው ትዪኝ ይሆናል። ሰፊ ሱሪ፣ እስከ ጉልበቴ የሚደርስ ሸሚዝ፣ ሻሼን አጥብቄ አስሬ ከላዩ ሄልሜት። ሐጃ የመጀመሪያ ቀን ሲያዩኝ፣ «የኩስኩስ ማጥለያውን ደፍተሽ የት ልትሄጂ ነው?» አሉ። መንገድ ዳር የቆሙ ጎረምሶች ደግሞ «እናቴ፣ አውቶቡስ እኮ አለ!» ብለው ጮኹብኝ። ሲ ሚሉድ ዞር ሳይሉ፣ «አውቶቡሱ እሷን መቅደም አቅቶት ቆሟል!» ብለው መለሱላቸው።

ጥበብ አለው ነዝሃ፣ እኔ ጉልበት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሲ ሚሉድ ከባዱን ማርሽ እንዳልነካ ከልክለውኛል። «አትርገጪው። እግርሽ ወተት እንደሚንጥ ይዙር» ይላሉ። ዳገቱ ሲመጣ ከፊቴ ይሆኑና ንፋሱን በጀርባቸው ይሰብሩልኛል። ከኋላቸው ተጠግቼ ስሄድ ጆሮዬ ድንገት ጭር ይላል፤ የካቴናው ድምፅ ብቻ። ፊት ለፊት በረዶ የለበሰው ተራራ ቁጭ ብሏል። ከኋላ ጡረታ የወጣው የፖስታ ቤት ሰውዬ እያለከለከም ስለ ልጁ ሠርግ ያወራል። ቁልቁል ስንመለስማ አትጠይቂኝ! በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ጮኼ ዘፈንኩ።

ከዚያ ማክሰኞ መሆኑ ትዝ አለኝ። ማክሰኞ ደግሞ አንቺ ወንበሩ ላይ ነሽ። አፈርኩ። አንቺ ታስረሽ እኔ መዝፈኔ ምን የሚሉት ነው? ይሄን ለማንም አልነገርኩም።

ያቺን የደብዳቤ መጨረሻ ጥያቄሽን አይቻታለሁ። «እምቢ፣ አልቀበልሽም ብልስ?» ብለሽ የጻፍሽውን። መልስ የላትም።

ማህጁባ


ማራኬሽ፣ ማርች 22

ነዝሃዬ፣

ምነው አራት መስመር ብቻ? ወረቀት አለቀብሽ? አራት መስመር ከአንቺ ሲመጣ እኔ አራት ቀን ምግብ አይበላልኝም። ብበላም ባልበላም ግን ለውጥ የለውም። ልንገርሽ።

ሚዛኑ ቆመ። አንድ ወር ሙሉ ሰማንያ አምስት። ባለፈው ሳምንት ሰማንያ አምስት ከግማሽ! ፋርማሲስቱን «ሚዛንህ ታሟል» አልኩት። «ሚዛኑ ደህና ነው፣ ለላ» አለኝ አንገቱን ደፍቶ። ሌላ ፋርማሲ ሄድኩ፤ እዚያም ያው። በሳምንት ሦስት ቀን የነበረውን አምስት ቀን አደረግሁት። ታሕናውት ደርሼ መመለስ ጀምሬያለሁ፤ ሠላሳ አንዱም ድንጋይ በስሜ ያውቀኛል። እግሬ ድንጋይ ሆኗል፣ ዳገት ላይ ማውራት ችያለሁ፤ ሥጋዬ ግን ንቅንቅ አላለም።

የምበላውን ጠይቀሽኛል። ይኸው፦ ጠዋት ከመውጣቴ በፊት ሐጃ በእጃቸው የሚሠሩልኝ አንድ ጎድጓዳ የገብስ ሾርባ። ምሳ አትክልት። ሻይ ያለ ስኳር፤ ያለ ስኳር ነው ያልኩሽ! ማታ እርጎ። በቃ። ሲ ሚሉድ እንኳ ጎን ጎን ያዩኛል። «ለላ፣ ተደብቀሽ የምትበይው ነገር አለ?» አሉኝ። ወላሂ የለም አልኩ። ደግሞ ትናንት ያሉኝን ስሚ፦ «ከኋላዬ ስትመጪ ሳልዞር አውቅሻለሁ። የቅመም መደብር ተከትሎኝ የሚመጣ ነው የሚመስለኝ።» ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን ከፋኝ። ታጥቤ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሼ ነው የምወጣው!

ሁለት ወር ከአሥራ ሦስት ቀን ነው የቀረኝ። ሐኪሟ «ካልሆነ እንነጋገራለን» አለችኝ በስልክ። ምኑን ነው የምንነጋገረው? የሚነጋገር ክንድ አለሽ?

እባክሽ ረጅም ጻፊልኝ።

ማህጁባ


ውጅዳ፣ ማርች 31

እትዬ፣

ፊደሌ ስለተንጋደደ ይቅርታ። በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ያሰብሽው ነገር አይደለም፤ ቦታ መቀየር ብቻ ነው። ቀኙ አሁን ተረኛ ሆኗል። አራት መስመር የጻፍኩትም ለዚሁ ነው፤ ስለማመድ ነበር። አታልቅሺ።

ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የላብሽ ሽታ ምን ይመስላል? የሚጣፍጥ፣ የሚጎመዝዝ፣ እንደ ተቃጠለ ስኳር ነገር? አክስታችን ኢጦ ለሠርጓ አርባ ቀን ቤት ስትቀመጥ ትዝ ይልሻል? አልጋ ልብሱ ሳይቀር ይሸት ነበር። እናታችን «ሙሽራ የምትወፍረው በዚህ ነው» እያለች እየፈጨች ስትሰጣት አንቺ ነበርሽ ሙቀጫውን የምትይዢው።

አብሽ ነው እትዬ። ሰው አብሽ ሲበላ ላቡ ይናገራል።

ሾርባውን የምትሠራልሽ ማን ናት ነው ያልሽኝ?

ነዝሃ


ማራኬሽ፣ ኤፕሪል 12

አንቺ ልጅ፣

ስለ ክንድሽ «ቦታ መቀየር ብቻ» ብለሽ የጻፍሽውን ሃያ ጊዜ አነበብኩት። የተንጋደደችው እያንዳንዷ ፊደል እንደ መርፌ ወጋችኝ። አላለቀስኩም። ዋሸሁ፣ አለቀስኩ።

ከዚያ ተነሥቼ ወጥ ቤት ገባሁ። ሐጃ ታሙ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ እያማሰሉ ነው።

«ሐጃ፣ ሾርባው ውስጥ ምን አለ?»

«ገብስ።»

«ሌላስ?»

«ፍቅር።»

«ሌላስ፣ ሐጃ?»

ማንኪያው ቆመ። «አብሽ። በቅቤ የታሸ። ትንሽ ለውዝ፣ ትንሽ ማር።»

«ትንሽ ማለት ስንት ነው?»

«በእኔ እጅ ትንሽ ነው» አሉና ጭብጣቸውን አሳዩኝ። የሰባ ስምንት ዓመት አሮጊት ጭብጥ እንደዚያ ይሰፋል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ጮህኩ። ነዝሃ፣ በሃያ ስድስት ዓመት ትዳሬ ለመጀመሪያ ጊዜ አማቴ ላይ ጮህኩ። እሳቸውም ጮኹ። «አንገትሽ ገመድ መሰለ! ሰፈሩ የዐላልን ሚስት አይቀልቧትም እያለ ነው! የተዳረችበት ቤት አከሳት ሲባል ልስማ?» ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «የእህትሽ በሽታ ወደ አንቺም መጥቶ የደበቅሽን መስሎኝ ነው። ሚስቱን በሽታ እየበላት ልጄ አያይም ብዬ፣ ጠዋት ስትወጪ ከመስኮት እያየሁሽ ቁርኣን እቀራ ነበር።»

እግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ኩላሊቱን፣ ጁን አራትን፣ ክንድሽን። ሰምተው ሲጨርሱ ማሰሮውን አወረዱ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ክፍላቸው ገብተው ዘጉ። ሦስት ቀን ከዚያ አልወጡም። ዐላል ምግባቸውን በሩ ሥር እያስቀመጠ ይመለስ ነበር። ደም ግፊታቸው ተነሥቶ ይሞታሉ ብዬ እኔ ልሞት ነበር።

በአራተኛው ቀን ለብስክሌት ስነሣ ወጥ ቤት ቆመው አገኘኋቸው።

«ስንት ቀረሽ?» አሉ።

«ሰባት ከግማሽ።»

«ሦስቱ የእኔ ናቸው። የጫንኩትን እኔ አወርዳለሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እስር ቤት ነኝ። የስኳሩን ቁልል ሣጥን ውስጥ ቆልፈው ቁልፉን አንገታቸው ላይ አስረዋል። ዘይቱን በማንኪያ ሳይሆን በጣታቸው ነው የሚለኩት። ጎረቤት ጣፋጭ ይዛ ስትመጣ በር ላይ ተቀብለው «ማህጁባ የለችም» ይላሉ፤ እኔ ከጀርባቸው ቆሜ! ሲ ሚሉድን አስጠርተው «ዳገቱ ላይ አትራራላት» አሏቸው። ሲ ሚሉድ፣ በሕይወታቸው ማንንም የማይፈሩት ሰውዬ፣ ቆባቸውን አውልቀው «እሺ፣ ሐጃ» አሉ።

ሰባት ሳምንት። ሰባት ኪሎ ከግማሽ። ደርሼ አሳይሻለሁ።

ማህጁባ


ውጅዳ፣ ሜይ 6

እትዬ፣

ሰማንያ ኪሎ ከግማሽ መግባትሽን ሰማሁ። ደስ ብሎኛል። አሁን የምጽፈውን ግን ተቀምጠሽ አንብቢው።

አልቀበልሽም።

እንዳትቆጪ። ደብዳቤዎችሽን ደጋግሜ አነበብኳቸው። በሕይወትሽ እንዲህ ሆነሽ አላየሁሽም። ልጅ ሆነንም አልዘፈንሽም። አባታችን ሲሞት ትምህርትሽን ትተሽ እኔን አሳደግሽ፣ ከዚያ ባል፣ ከዚያ አማት፣ ከዚያ የገበያ ዘንቢል። አሁን ገና የራስሽ የሆነ ነገር አገኘሽ። እኔ ደግሞ ሰውነትሽን አስቀድጄ ከዚያ መንገድ ላውርድሽ? ብትታመሚስ? በቀረችው አንዷ ብቻ ዳገቱ ቢያቅትሽስ? ቀኝ ክንዴ ገና ይሠራል። ቆይቶ ሌላ መላ ይመጣል።

ለሐኪሟ ደውዬ እነግራታለሁ። አንቺ ንጂ። ድንጋዮቹን ቁጠሪልን።

ነዝሃ


ማራኬሽ፣ ሜይ 15

ነዝሃ፣

ስምሽን ብቻ መጻፌ ስለተቆጣሁ ነው።

ሐኪሟ ያለችውን ልንገርሽ፤ እኔም ጠይቄያታለሁ፣ ከአንቺ በፊት። በሦስት ወር ብስክሌት ላይ እመለሳለሁ። ትንሽ ቀስ ብዬ፣ ውኃ አብዝቼ፣ በዓመት አንዴ እየተመረመርኩ። ይሄ አንድ።

ሁለተኛውን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። እፈራለሁ ነዝሃ። ቢላውን እፈራለሁ፣ ማደንዘዣውን እፈራለሁ፣ ጁን አራትን እፈራለሁ፤ ሚዛኑን በሕልሜ አያለሁ። ከሁሉ የምፈራው ግን ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? አንቺ እምቢ ብለሽ፣ እኔ ቀጥኜ፣ ጤነኛ ሆኜ፣ በዚያ መንገድ ላይ ብቻዬን መንዳቴን። ሰው «እንዴት ጀመርሽው?» ይለኛል። ምን እመልሳለሁ? «እህቴን ላድንበት ነበር፣ እኔ ዳንኩበት» ልበል? ያን ቀን ብስክሌቱን ለሲ ሚሉድ መልሼ ቁጭ እላለሁ። ደስታዬን ልታተርፊልኝ ብለሽ ነው የምትገድዪው።

ሥራዬን አላቆምም። ዛሬ ጠዋት ሠላሳ አንደኛው ድንጋይ ደርሻለሁ። ይህን ደብዳቤ የሚያመጡልሽ ሐጃ ታሙ ናቸው። ፖስታን አላምንም። ከዐላል ጋር በባቡር ይመጣሉ። በሩን ብትዘጊባቸው ደጃፍሽ ላይ ምንጣፍ አንጥፈው እንደሚቀመጡ እወቂ።

ማህጁባ


ማራኬሽ፣ ጁን 5

ነዝሃዬ፣

ሐጃ ሦስት ቀን ቤትሽ ከርመው ምን እንዳሉሽ ብጠይቃቸው ብጠይቃቸው «ስለ አየሩ አወራን» ብለውኛል። አንቺም አትነግሪኝም ማለት ነው። ይሁን። ብቻ ፈርመሻል፤ ሐኪሟ ወረቀቱን አሳየችኝ። ፊርማሽ ቁልቁል ተንሸራቷል፤ ሳምኩት።

የሚዛኑን ነገር ሁለት ጊዜ በስልክ ጠይቀሽኛል፣ ጎረቤቶች ሳሎን ስለነበሩ አልነገርኩሽም። ትናንት ሐጃ ራባት አብረውኝ ገቡ። ሚዛኑ ላይ ወጣሁ። ሰባ ስምንት ከሁለት መቶ ግራም። ሐጃ ከኋላ፣ «አምባሮቹን አውልቂ!» ብለው ጮኹ። ሰባቱንም የሠርግ አምባሮቼን ከእጄ መንጭቀው አወጧቸው። ከዚያ ጫማውን። ከዚያ ሻሹን ሊፈቱ ሲሉ ሐኪሟ፣ «ሐጃ፣ ወርቅ ቤት አይደለም እኮ! ለሁለት መቶ ግራም አልጣላም» አለች። ሐጃ ግን አልሰሙም፤ «ድጋሚ መዝኚያት» አሉ። ሰባ ስምንት ከባዶ። አሮጊቷ ወለሉ ላይ ሱጁድ ወረዱ፤ ለማንሣት ሁለት ነርሶች አስፈለጉ።

ከዚያ ፍርድ ቤት ቀረብኩ፤ ሕጉ ነው። ዳኛው «ማንም አስገድዶሻል?» አሉኝ። «አዎ» አልኩ። ቀና አሉ። «ሲ ሚሉድ የሚባሉ ሰውዬ፤ ዳገት ላይ» አልኳቸው። ጸሐፊው ሳቀ፣ ዳኛው ግን አልሳቁም። ደግመው ጠየቁኝ። ያኔ በደንብ መለስኩ።

ማህጁባ


ራባት፣ ጁን 19፣ ከሁለተኛ ፎቅ

ነዝሃዬ፣

አንቺ አራተኛ ፎቅ፣ እኔ ሁለተኛ፤ ኢንፌክሽን እንዳይኖር ሲባል መተያየት አይቻልም አሉ። ከውጅዳ ይልቅ ዛሬ ራቅሽብኝ። ይህን ነርሷ በኪሷ ደብቃ ታመጣልሻለች።

ጥያቄሽ ደርሶኛል። አዎ፣ እፈራለሁ። ግን ብቻሽን እንድትፈሪ አልተውሽም።

ሐኪሟን አንድ ኩላሊት ስንት ይመዝናል ብዬ ጠየቅኳት። «መቶ ሃምሳ ግራም ገደማ።» በአላህ! ለዚህች ነው አሥራ ሦስት ኪሎ ያስወረዳችሁኝ?

ነገ የምትመጣልሽ ዳገት የለመደች ናት ነዝሃ። አትሳሺላት፣ አሠሪያት።

እህትሽ


ራባት፣ ጁን 22

እትዬ፣

መጻፍ አትችዪም ብለውኛል፤ ሦስት መስመር ብቻ ለምኜ ነው። በየሰዓቱ ስለ እኔ እየጠየቅሽ ሰውን መተኛት እንደከለከልሽ ሰማሁ። በቃ፣ አሁን ተኚ።

ሽንቴ መጣ። ሦስት ዓመት ጠብታ ሳላይ ቆይቼ! ትናንት ጠዋት ጀመረ፣ አልቆመም። ሐኪሟ ሮጣ መጣች፣ ነርሷ ሳቀች፣ እኔ አለቀስኩ። ነርሷ የሽንት ከረጢቱን ከአልጋው ፈትታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥታ አሳየችኝ። እትዬ፣ እንደዚያ ያለ ቆንጆ ቢጫ በዕድሜዬ አላየሁም።

ነዝሃ